አጥሩ የእኔ፣ እይታው የማን?

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ የተረከበ ሰው ከቤቱ በፊት አጥሩን ይጀምራል። እጁ ካጠረው በቆርቆሮ፣ ሲደላደል በብሎኬት፣ ሲሞላለት በድንጋይ ግንብ ያጥራል፤ ከላይም የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ ይደርብበታል። ገጠርም ቢኬድ ቅንጭቡና የእሾህ አጥሩ ከጎጆው ጋር አብረው የሚታሰቡ ናቸው። አጥር ሌባና አውሬ ይከለክላል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን «ይህ የእኔ ነው» ይላል።

ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ቤት ገዛ እንበል። ቁልፉን በተረከበ ሳምንት ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ግራ ይገባዋል። የፊት ለፊቱ ሣር ከእግረኛ መንገዱ ጋር ተያይዞ ሜዳ ሆኗል። የጎረቤቱ ሣር የት እንዳበቃ፣ የእሱ የት እንደጀመረ አይለይም። ለሠላሳ ዓመት ዕዳ የገባበት ግቢ ነውና «ላጥረው» ብሎ ይነሳል። ያን ጊዜ ከካውንቲው መሥሪያ ቤት፣ ከሰፈሩ ማኅበር፣ አንዳንዴም ከጎረቤቱ የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ቆይ፣ ስንት ጫማ? የት ላይ? ምን ዓይነት?

በገዛ መሬት ላይ አጥር ለማቆም ፈቃድ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? ጥያቄው አዲስ መጤዎችን ብቻ የሚያስገርም አይደለም። አሜሪካኖች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት እየተመላለሱበት ኖረዋል፤ ዛሬ በማመልከቻ ቅጽ ላይ የሚታዩት ቁጥሮችም የዚያ ሙግት ቅሪት ናቸው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አስተዳደሮች ድንበር ቢጋሩም ደንብ አይጋሩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ለአጥር ፈቃድ ይጠይቃል፤ የተለመደው የመኖሪያ ግቢ አጥር ከፍታም 6 ጫማ ተኩል፣ ማለትም 2 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ወንዙን ተሻግሮ ያለው የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ የመዋኛ ገንዳ ካልታጠረበት በቀር ለተራ የመኖሪያ አጥር የግንባታ ፈቃድ አያስወጣም። ልኩን ግን አይለቅም፤ በፊት ለፊት 4 ጫማ፣ በጎንና በጓሮ 7 ጫማ ነው። ዋና ከተማዋ ውስጥ ደግሞ በግል ይዞታ ላይ እስከ 7 ጫማ ድረስ በፈቃድ ይታጠራል። ከቤቱ ፊት ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ግን አጥሩ ከ42 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከጥቂት ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ አሻግሮም የሚያሳይ እንዲሆን ይፈለጋል።

የማዕዘን ቦታ፣ የታሪካዊ ሰፈር ደንብና የመሬቱ ተዳፋትነት ልኩን ሊለውጡት ይችላሉ፤ ደንቡም ይሻሻላል። ስለዚህ ምሰሶ ከመግዛት በፊት የአካባቢውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው። በሦስቱም ቦታ የማይለወጠው ግን ዝንባሌው ነው። ጓሮ ላይ ሕጉ እጁን ይፈታል፤ ፊት ለፊት ላይ ይጨብጣል። ከኋላ ያለው የባለቤቱ ነው፤ ከፊት ያለው በውል የባለቤቱ ቢሆንም እይታው የሰፈሩ ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ከብት ነበረ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የአሜሪካ የአጥር ሕግ ሲጀመር ከውበትም ከሰፈርም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ ከብቱና አሳማው በየጫካው ልቅ ይሰማራ ነበር፤ ማጠር የነበረበት የእህሉ ባለቤት ነው። አጥሩ በሕግ ከተወሰነው ልክ ካነሰና ከብት ከገባበት ገበሬው ካሳ የመጠየቅ መብት አያገኝም። የኢትዮጵያ ገበሬም የሚያውቀው ክርክር ነው፤ ማሳህን አላጠርክም ወይስ ከብትህን አልጠበቅክም?

በዚያ ዘመን ሕጉ የሚደነግገው አጥር ቢያንስ ምን ያህል መቆም እንዳለበት ነበር። የዛሬው ሕግ የሚደነግገው ቢበዛ ምን ያህል እንደሚቆም ነው። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ነገር ከተማ ነው። ከጊዜ በኋላ የማጠሩ ሸክም ወደ ከብት ባለቤቱ ዞረ። በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የፈጠራ መብት ያገኘበት እሾሃማ ሽቦ ሰፊ መሬትን በርካሽ ማጠር አስቻለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከተማ ውስጥ ግን አጥር ከብት መከልከያነቱ ቀርቶ ሰውን ከሰው የሚለይ ነገር ሆነ፤ ሰውን ከሰው የሚለይ ነገር ደግሞ ለቂምም ያገለግላል።

የ40 ጫማ ቂም

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኖብ ሂል የሚባል ኮረብታ አለ። በ1870ዎቹ የባቡር ሐዲድ ባለጸጋው ቻርልስ ክሮከር በኮረብታው ላይ ለሚሠራው መኖሪያ አንድ ሙሉ ብሎክ መግዛት ፈለገ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲሸጡ ኒኮላስ ዩንግ የተባለ ቀባሪ አልሸጥም አለ። የቀብር አስፈጻሚው ቤት በክሮከር ይዞታ መሐል እንዳለ ትንሽ ደሴት ቀረ። ክሮከር ያገኘው ብልሃት በራሱ መሬት ላይ፣ የዩንግን ቤት በሦስት ወገን ከቦ፣ ወደ 40 ጫማ የሚጠጋ አጥር ማቆም ነበር፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ የሚያህል ማለት ነው። ፀሐይም ነፋስም ተከለከለ። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ከኮረብታው ላይ ያነሳው ታዋቂ የከተማይቱ ፎቶግራፍ ያንን አጥር ቆሞ ያሳያል። ሁለቱም ባላንጣዎች ሞተው እንኳ አጥሩ አልወረደም፤ የዩንግ ቤተሰቦች ቦታውን የሸጡት በ1904 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ርዕደ መሬቱና እሳቱ የክሮከርን ቤት አወደመው። ዛሬ ቦታው ላይ የግሬስ ካቴድራል ቆሟል።

ክሮከር ሕግ አልጣሰም፤ የነገሩ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሰው በገዛ መሬቱ ላይ የፈለገውን ያህል ቢያቆም፣ ልቡ ውስጥ ያለው ክፋት ይሁን ጥቅም፣ አያገባንም ይሉ ነበር። ጎረቤት በሌላው መሬት ላይ አልፎ የሚመጣ ብርሃን የማግኘት መብት አልነበረውም። ይህ አቋም መሰንጠቅ የጀመረው በ1880ዎቹ ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1887 ባወጣው ሕግ ጎረቤትን ለማናደድ ሲባል ብቻ ከ6 ጫማ በላይ የተሠራ አጥር ሁከት ነው አለ። በዓመቱ በሚሺጋን፣ በርክ እና ስሚዝ በተከራከሩበት መዝገብ፣ የጎረቤትን መስኮት ለመጋረድ ብቻ የቆመ ከለላ እንዲነሳ ሊታዘዝ እንደሚችል ታየ። የማሳቹሴትሱ ሕግ በ1889 ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ «አዎ፣ ነው» ብሎ ጻፈ። ካሊፎርኒያም በ1913 ለቂም አጥር 10 ጫማን ወሰን አደረገች።

ከዚህ በኋላ አጥር የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ መሆኑ አበቃ። አሻግሮ የሚያየው ሰውም ድርሻ አለው ማለት ተጀመረ።

ሣሩ የሰፈር የሆነበት ዓመት

ቂም ከፍታውን ገደበ፤ ፊት ለፊቱን ባዶ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። የመናፈሻ ነዳፊው ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ ከሸሪኩ ከካልቨርት ቮ ጋር በ1860ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ውስጥ ሪቨርሳይድ የተባለችውን ሰፈር ሲነድፍ ቤቶቹ ከመንገዱ 30 ጫማ እንዲርቁ አደረገ። መንገዱና የቤቶቹ ፊት አንድ ላይ ሲታዩ መናፈሻ እንዲመስሉ ነበር ሐሳቡ። በ1870 ደግሞ ፍራንክ ስኮት የተባለ ጸሐፊ ስለ ትንንሽ የመኖሪያ ግቢዎች አያያዝ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተፈጥሮን ውበት በአጥር ከአላፊ አግዳሚ መደበቅ ከጉርብትናም ከክርስትናም የራቀ ነው ሲል ሰበከ። ሐሳቡ ተስፋፋ። የተያያዘ ሣር የመልካም ሰፈር ምልክት ሆነ፤ የታጠረ ፊት የኩራትና የጥርጣሬ ምልክት።

በዚያው በ1870 ኮንግረሱ ለዋሽንግተን የተለየ ሕግ አወጣ። ፒየር ሌንፋንት በ1791 ሲነድፋት አንዳንድ አውራ ጎዳናዎቿ 160 ጫማ እንዲሰፉ አድርጎ ነበር። ያን ሁሉ ስፋት ድንጋይ ለማንጠፍ ከተማዋ አቅም አልነበራትም፤ ሳይነጠፍ የቀረው ደግሞ አቧራና ጭቃ ነበር። በሕጉ መሠረት የመንገዱ ዳርና ዳር ለዛፍና ለሣር ተለየ፤ እንክብካቤው ለአጠገቡ ባለቤት ተሰጠ፤ ባለቤትነቱ የሕዝብ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በብዙ የዋሽንግተን አሮጌ ሰፈሮች ነዋሪው ሣሩን ያጭዳል፣ አበባውን ያጠጣል፣ በረዶውን ይጠርጋል፤ መሬቱ ግን የእሱ አይደለም። የ42 ኢንቹ ልክና አሻግሮ የሚያሳየው አጥር ምሥጢራቸው ይህ ነው። ነዋሪው የሚያጥረው መንገዱን ነው።

ለእኛ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ ቢመስልም ወደ አገር ቤትም ደርሷል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ አንዳንድ ግቢዎች ግንብ አጥራቸው ፈርሶ ውስጡን በሚያሳይ አጥር ተተክቷል። «ግቢው የእናንተ፣ እይታው የከተማው» የሚለው ሐሳብ ያው ነው። የመጣበት መንገድ ግን ይለያያል።

ከቨርጂኒያ የተነሱ ሁለት ክሶች

ሐሳብ ሕግ የሚሆነው አስገዳጅ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ወሳኞቹ ሁለት ክሶች የተነሱት ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባት ቨርጂኒያ ነው።

የሪችመንድ ከተማ ባወጣችው ደንብ የአንድ ጎዳና ባለይዞታዎች ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ፣ ቤቶች ከመንገዱ ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው መስመር ማስወሰን ይችሉ ነበር። ዩባንክ የተባለ ባለቤት ተቃወመ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1912 ደንቡን ሻረው። ጎረቤቶች ተሰባስበው የሌላውን ንብረት በፈቃዳቸው እንዲገድቡ መተው፣ ሕግ ማውጣት ሳይሆን ለአንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን መስጠት ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቶሎ ተለወጠ። ኒውዮርክ በ1916 የመጀመሪያውን አጠቃላይ የዞኒንግ ደንብ፣ ማለትም በየትኛው መሬት ላይ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነውን ደንብ፣ አወጣች። በ1926 የክሊቭላንድ አጎራባች የሆነችው ዩክሊድ ከአንድ የመሬት ኩባንያ ጋር በተከራከረችበት መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዞኒንግን በመርሕ ደረጃ አጸደቀ። በቀጣዩ ዓመት የቨርጂኒያዋ ሮአኖክ ጉዳይ ቀረበ። ጎሪብ የተባለ ባለይዞታ ሱቁን እስከ መንገዱ ጠርዝ ሊሠራ ፈለገ፤ ከተማዋ ወደኋላ አርቅ አለችው፤ ፍርድ ቤቱም ለከተማዋ ፈረደ። በፍርዱ የተጠቀሱት ምክንያቶች ዛሬም የየካውንቲው ደንብ አከርካሪ ናቸው፦ ፊት ለፊት ቦታ ሲተው ለሣርና ለዛፍ ይሆናል፤ የመንገዱ አቧራና ጩኸት ይርቃል፤ እሳት ከቤት ወደ ቤት ለመዝለል ይቸገራል፤ መስመሩን አልፎ የወጣ ሕንጻ ደግሞ የጎረቤቱን ብርሃንና አየር ይቆርጣል፤ የመንገድ ማዕዘን ጋርዶ መኪና ነጂን አደጋ ላይ ይጥላል።

በሪችመንድና በሮአኖክ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። በመጀመሪያው ወሳኙ ጎረቤት ነበር፤ በሁለተኛው ከተማው ሆነ። ይህን ልዩነት እንያዘው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የማይታየው አጥር

ዞኒንግ ብርሃንና አየር ብቻ ይዞ አልመጣም። ባልቲሞር በ1910 ጥቁሮችና ነጮች በየትኛው ብሎክ መኖር እንደሚችሉ የሚደነግግ ደንብ አወጣች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 በሉዊቪል ከተማ ጉዳይ ይህን ዓይነቱን ደንብ ሲሽረው፣ መለያየቱ ከከተማ ደንብ ወጥቶ ወደ ግል ውል ገባ። ቤት ሲሸጥ «ለጥቁር አይተላለፍም» የሚል ቃል በውሉ መጻፉ ተስፋፋ። ፍርድ ቤቶች ይህን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ የተወሰነው በ1948 ነው፤ በዚያው ቀን ከተወሰኑት መዝገቦች አንዱ የዋሽንግተን ሰፈር ጉዳይ ነበር።

በቤቱ ውል ላይ የሚጻፍ ግዴታ ግን እንደ መሣሪያ አልጠፋም። ዛሬ የሚታወቀው በቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሰዉ «ኤችኦኤ» በሚለው ነው። ካውንቲው 7 ጫማ ሲፈቅድ ማኅበሩ 4 ጫማ ሊል ይችላል፤ ካውንቲው ስለ ቀለም ዝም ሲል ማኅበሩ ነጭ ወይም የእንጨት ቀለም ብቻ ሊል ይችላል። ሁለቱ አይተካኩም። የካውንቲ ፈቃድ የማኅበሩን ተቃውሞ አይሽርም፤ የማኅበሩ ስምምነትም የካውንቲውን ፈቃድ አይተካም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ሲገዛ ከተፈረመው የወረቀት ክምር ውስጥ የማኅበሩ ደንብ አንዱ ነበር፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

ማዕዘን፣ ገንዳና ጉድጓድ

ከደንቦቹ ውስጥ ማንም የማይከራከርባቸው ሦስት አሉ። የመጀመሪያው የማዕዘን ቦታ ነው፤ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ላይ የቆመ ከፍ ያለ አጥር ነጂውን ያሳውረዋል፤ ስለዚህ በዚያ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አጥሩም ቁጥቋጦውም ዝቅ ማለት አለበት። ሁለተኛው የመዋኛ ገንዳ ነው። ሕጻን እንዳይገባ አብዛኞቹ የግንባታ ኮዶች ቢያንስ 48 ኢንች አጥር፣ ራሱን የሚዘጋና ራሱን የሚቆልፍ በር ይጠይቃሉ፤ አንዳንድ አካባቢ ከዚያም ይጨምራል። እዚህ ላይ ብቻ ሕጉ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ዝቅተኛውን እንጂ ከፍተኛውን አይጠይቅም። ሦስተኛው ከመሬት በታች ያለው ነው። ምሰሶ ለመትከል የሚቆፈር ጉድጓድ የጋዝ ወይም የመብራት መስመር ሊመታ ስለሚችል፣ ከመቆፈር በፊት ወደ 811 ይደወላል። በሜሪላንድና በዋና ከተማዋ አገልግሎቱ «ሚስ ዩቲሊቲ» በሚል ስም ይታወቃል። መጥተው በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ ለባለቤቱ ክፍያ የለውም።

ወሰኑ የት ነው?

ከከፍታ በላይ ጠብ የሚያመጣው ግን ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ያለው ሰው አዋሳኞቹን ያውቃል፤ ወሰን ገፊ መባልም ትልቅ ስድብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገዢ ወሰኑን የሚገምተው በአሮጌ አጥር ወይም ሣሩ በሚታጨድበት መስመር ነው። ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ቤት ሲገዛ የሚሰጠው ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ለባንኩ የተሠራ ሆኖ፣ ለአጥር መትከያ የሚበቃ ትክክለኛነት ላይኖረው ይችላል። አስተማማኙ ቀያሽ ቀጥሮ በማዕዘኖቹ ላይ ምልክት ማስተከል ነው።

ወጪው ይከብዳል፤ ስህተቱ ግን የበለጠ ይከብዳል። አንድ ሰው የጎረቤቱን መሬት በግልጽ፣ ያለ ፈቃድና ሳያቋርጥ ከያዘ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ በሜሪላንድ ከ20 ዓመት፣ በቨርጂኒያና በዋና ከተማዋ ከ15 ዓመት በኋላ ባለቤትነት ሊጠይቅ ይችላል። በስህተት አንድ ክንድ ያለፈ አጥር ዝም ከተባለ፣ ልጆች አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ወሰን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ፈቃድ ሰጪው ሌላ፣ ከሳሹ ሌላ

ደንቡ የማይመቸው ሰው መውጫ አለው። መሬቱ ገደል ከሆነ ወይም ቅርጹ የተለየ ከሆነ የአካባቢውን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ችግሩ የመሬቱ መሆን አለበት። «ውሻዬ ይዘላል» ወይም «ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የቆመ አሮጌ አጥርም ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል፤ ሲፈርስ ግን አዲሱ በአዲሱ ልክ ነው የሚሠራው። «ጎረቤቴ 8 ጫማ አጥሮ እኔ ለምን 4?» የሚለው ቅሬታ መልሱ አንዳንዴ ይህ ነው።

ሌላውን ጊዜ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፤ ጎረቤቱን የከሰሰ የለም። ብዙ ካውንቲዎች በየመንገዱ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው የላቸውም። ተቆጣጣሪው የሚመጣው አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ከደንብ ውጭ የቆመ አጥር ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሌላው በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ልዩነቱ አጥሩ ላይ አይደለም፤ ማዶ ያለው ሰው ላይ ነው። አዲስ መጤው፣ ቋንቋው የሚከብደው፣ ከሰፈሩ ጋር ገና ያልተዋወቀው ሰው እዚህ ላይ ይበልጥ ይጋለጣል።

ስለዚህ የሪችመንዱ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1912 ጎረቤት በጎረቤቱ መሬት ላይ መስመር እንዳይጥል ከልክሎ ነበር። መስመሩን የሚጥለው አሁን ከተማው ነው፤ መስመሩ መቼ እንደሚነቃ የሚወስነው ግን ያው ጎረቤት ሆኖ ቀርቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ክርክር ያልተዘጋው በዚህ ነው።

ኢትዮጵያም ውስጥ ግንባታ ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ይህን ደንግጓል። ሆኖም እዚያ አጥር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው አዋሳኙ ነው፤ ቆሞ ወሰኑን ያያል፣ ይስማማል ወይም ይከራከራል፤ ሠራተኛው ከዚያ ይጀምራል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በፌርፋክስ ይህን ልማድ የሚከለክል አንቀጽ የለም። የቅየሳ ወረቀቱን ይዞ፣ ምሰሶው ሳይገዛ፣ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ፈቃድ አይተካም፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ግን አጥሩ ቆሞ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለችግር ቀን ነበር፤ እዚህ ለአጥር ቀንም ይሠራል።